ሮኬቱ ከብራናችን አልወጣም

ጀርመኖች የጦር ሮኬታቸውን የሠሩት ከእኛ የብራና መጻሕፍት በቀዱት ጥበብ ነው የሚለው ወሬ በአገራችን ያልገባበት ቤት የለም። በከሚሴም ሆነ በደሴ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን፣ ረከቦት በተዘረጋበትና ጨዋታ በሞቀበት ሁሉ ይነሣል። አንዱ ምንጩ መጽሐፈ ሄኖክ ነው ይላል፤ ሌላው ከመቅደላ ከተዘረፉት መጻሕፍት መካከል ነው ይላል፤ ሦስተኛው ጀርመኖች ዛሬም በዩኒቨርሲቲዎቻቸው ግዕዝ የሚያስተምሩት የቀረውን ምሥጢር ለመፍታት ነው ብሎ ይደመድማል። ወሬው የዋህ ይመስላል፤ ማንንም አይሰድብም፣ እኛንም ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ የሚጠይቀው ሰው እንደ ጨዋታ አበላሽ ይቆጠራል። ነገር ግን ከወሬው ጀርባ የሃይማኖትና የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ። ደስ ስላለን ብቻ ያልተመሰከረ ነገር ማመን ይፈቀድልናል? ኃይልንስ ከየት እንደመጣ ብቻ ጠይቀን፣ ማን ዋጋውን እንደከፈለበት ሳንጠይቅ ማድነቅ ይገባናል? የእኔ መልስ አይገባም ነው። በዚያ ዘመን በእውነት ተደብቆ የነበረው ተአምር ሳይሆን ግፍ ነበር፤ የተአምሩም ወሬ ግፉን ይሸፍናል። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ለወሬው የሚገባውን እንስጠው፤ ከባዶ አልተነሣም። ናዚ ጀርመን የምር የተደበቁ የጦር መሣሪያዎች ነበሯት። ከሁሉ የታወቀው ቪ-2 የተባለው ሮኬት ነው። ቁመቱ 14 ሜትር፣ ክብደቱ ከ12 ቶን በላይ ሆኖ አንድ ቶን የሚጠጋ ፈንጂ ይሸከም ነበር። በአልኮልና በፈሳሽ ኦክስጅን ይነዳል። ከድምፅ ስለሚፈጥን የሚወድቅበት ሰፈር ድምፁን የሚሰማው ከፍንዳታው በኋላ ነው። በባልቲክ ባሕር ዳርቻ፣ ፔነሙንደ በተባለ ስፍራ፣ በጄኔራል ቫልተር ዶርንበርገርና በመሐንዲሱ በቨርነር ፎን ብራውን መሪነት ተሠርቶ፣ ከሴፕቴምበር 1944 ጀምሮ በለንደንና በአንትወርፕ ላይ ይወድቅ ጀመር። ከዚህም የከፋ ምሥጢር ነበራቸው። ኬሚስቱ ጌርሃርድ ሽራደር በ1936 ታቡን የተባለውን የነርቭ መርዝ አገኘ፤ ጀርመን በሺህ ቶን የሚቆጠር አምርታ ሳትጠቀምበት ጦርነቱ አለቀ። ስለዚህ ጀርመኖች የደበቁት ነገር ነበር የሚል ሰው አልተሳሳተም። ስሕተቱ የሚጀምረው የተደበቀው ነገር ሁሉ ከሰው ጥረት በላይ የሆነ ጥበብ ነው ብሎ ሲያስብ ነው። የቪ-2 የትውልድ ሐረግ አንድ በአንድ ይታወቃል። ኸርማን ኦበርት በሮኬት ወደ ጠፈር ስለመጓዝ መጽሐፉን ያሳተመው በ1923 ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ጎዳርድ የመጀመሪያውን በፈሳሽ ነዳጅ የሚሄድ ሮኬት ያስወነጨፈው በ1926 ነው። ፎን ብራውንና ባልደረቦቹ ለዓመታት ሞተር ሲያፈነዱና ሲያቃጥሉ ኖረው፣ በ1942 ክረምት ሁለት ጊዜ ሞክረው ከሸፈባቸው፤ የተሳካላቸው በኦክቶበር 3 ነው። የተዘጋጀ ቀመር ከብራና ላይ የሚቀዳ ሰው እንዲህ ወድቆ አይነሣም። እንዲህ የሚሠራው በሙከራና በስሕተት የሚማር ሰው ብቻ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በዚህ እውነት ላይ የተቆለለው ተረት ግን ሌላ ዓለም ነው። ጀርመኖች በክብ ሳህን መልክ የሚበር መኪና ሠርተው ነበር ይባላል። በአንታርክቲካ በረዶ ሥር የምሥጢር ሰፈር አላቸው ይባላል። ደወል የተባለ፣ የምድርን ስበት የሚያሸንፍ መሣሪያ ነበራቸውም ይባላል። እነዚህ ሲመረመሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሥራቸው ትንሽ እውነት ይገኛል። በ1938 መጨረሻ ሽቫበንላንድ የተባለች የጀርመን መርከብ በእውነት ወደ አንታርክቲካ ሄዳለች፤ የሄደችው ግን ጀርመን ማርጋሪን ለመሥራትና ለኢንዱስትሪ የምትፈልገውን የዓሣ ነባሪ ዘይት ለማግኘት የሚያስችላትን ስፍራ ለማጥናት ነው። ጀርመን እጅ ከሰጠች በኋላ፣ በ1945 ክረምት፣ ሁለት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በእውነት አርጀንቲና ደርሰው እጃቸውን ሰጥተዋል፤ ከዘይቱ ፍለጋና ከሁለቱ መርከቦች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ግን የበረዶው ቤተ መንግሥት ተሠራ። የደወሉ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፤ አንድ ፖላንዳዊ ጸሐፊ በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ ይፋ ያወጣው ሲሆን፣ መሠረቴ ነው ያለውን ሰነድ ሌላ ሰው አይቶት አያውቅም። ጦርነቱ ካለቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ ምስክር በሌለበት የተነገረ ነገር በዓለም ዙሪያ አማኝ አገኘ።

የእኛ አገሩ ወሬም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው፤ ከሥሩ ያለው እውነት ግን ከሌሎቹ ሁሉ የከበረ ነው። ጀርመን የግዕዝ ጥናት የጀመረችው በኢትዮጵያዊ መምህር ነው። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ፣ የዛሬዋ ወሎ ካፈራቻቸው ሊቃውንት አንዱ፣ በ1649 ሮም ውስጥ ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652 ደግሞ ወደ ጀርመኗ ከተማ ወደ ጎታ ተጋብዘው ሄደው አስተማሩት። ሉዶልፍ ከእርሳቸው የተማረውን ይዞ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛን ሰዋስው በ1698 አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ይህን ሳያዩ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባሕር ላይ በመርከብ አደጋ አረፉ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጣው አውጉስት ዲልማን የግዕዝን ሰዋስው በ1857፣ ታላቁን መዝገበ ቃላት በ1865 አወጣ። ዲልማን የነገረ መለኮት ሰው ነበር፤ የፈለገውም መጽሐፍ ቅዱስ በጥንት ዘመን እንዴት እንደተነበበና ሴማዊ ልሳናት እንዴት እንደሚዛመዱ ማወቅ ነበር። የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬም ግዕዝ የሚያስተምሩት ይህንኑ መንገድ ተከትለው ነው፤ ሥራቸውም ታትሞ ለሁሉም ቀርቧል።

መጽሐፈ ሄኖክንም እንየው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ ቅጂዎቹን ይዞ የተመለሰው በ1773 ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 በእንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳተመው፤ ዲልማን የግዕዙን ንባብ በ1851 አወጣ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቪ-2 ከመወንጨፉ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ መጽሐፉ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ነበር። ማንበብ የፈለገ ፈረንሳዊም፣ ሩሲያዊም፣ አሜሪካዊም ያነበው ነበር። ከመቅደላ የተወሰዱት መጻሕፍት ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ግልጽ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1868 ከሞቱ በኋላ የጄኔራል ናፒየር ጦር ከመቅደላ የወሰዳቸው ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት የገቡት ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው። የጦር ጥበብ በእነዚህ ብራናዎች ውስጥ ቢኖር ኖሮ ሮኬቱን መሥራት የነበረባት እንግሊዝ ነበረች። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ብራናዎቹ የተቀመጡባት ለንደን ቪ-2 የሚዘንብባት ከተማ ሆነች።

ይህ ሁሉ የታሪክ ማስረጃ ነው፤ ከእርሱ የሚበልጠው ግን መጽሐፉ ራሱ የሚለው ነው። በመጽሐፈ ሄኖክ ውስጥ ስለ ጦር መሣሪያ የሚናገር ክፍል በእርግጥ አለ። በስምንተኛው ምዕራፍ አዛዝኤል፣ ከወደቁት መላእክት አንዱ፣ ሰዎችን ሰይፍና ጩቤ፣ ጋሻና ጥሩር መሥራት አስተማራቸው ይላል። መጽሐፉ ይህን የሚተርከው ለምስጋና አይደለም። ምድር በደምና በዓመፅ የተሞላችበትን፣ የተገደሉት ሰዎች ጩኸት ወደ ሰማይ የወጣበትን፣ በመጨረሻም የጥፋት ውኃ የመጣበትን ምክንያት ሲዘረዝር ነው። የጦር መሣሪያ ጥበብ በሄኖክ ዘንድ የወደቁት መላእክት ኃጢአት እንጂ የእግዚአብሔር ስጦታ አይደለም። በቁርኣንም በሱረቱል በቀራህ በባቢሎን ስለነበሩት ስለ ሁለቱ መላእክት ስለ ሃሩትና ማሩት የሚነገር ታሪክ አለ። እነርሱ የሚያስተምሩት ነገር ፈተና መሆኑን ሳያስጠነቅቁ ለማንም አያስተምሩም ነበር፤ ሰዎቹ ግን የተማሩት የሚጎዳቸውንና የማይጠቅማቸውን ነበር። እንግዲህ የወሎ ክርስቲያንና የወሎ ሙስሊም በእጃቸው ያሉት መጻሕፍት ስለ ድብቅ ኃይል የሚሉት ተቀራራቢ ነው። ዕውቀት ሲሰጥ ጥያቄው ከየት መጣ ብቻ ሳይሆን ለምን ይውላል፣ ማንንስ ይጎዳል የሚል ነው። ጀርመኖች መሣሪያቸውን ከእኛ ሄኖክ ወሰዱ ብሎ የሚኮራ ሰው ሳያውቀው መጽሐፉን ገልብጦ እያነበበው ነው፤ ራሱንም በጻድቁ በሄኖክ ወገን ሳይሆን በአዛዝኤል ወገን ያቆማል።

ማን ዋጋውን ከፈለ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ የዚያ ጦርነት እውነተኛ ምሥጢር ይገለጣል። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በኦገስት 1943 ፔነሙንደን ከደበደቡ በኋላ የሮኬቱ ፋብሪካ በመካከለኛው ጀርመን ኖርድሃውዘን አጠገብ ወዳለ ኮንሽታይን የተባለ ተራራ ሆድ ውስጥ ተዛወረ። ዋሻውን የቆፈሩትና ሮኬቱን የገጣጠሙት ዶራ ከተባለው የማጎሪያ ካምፕ የመጡ እስረኞች ነበሩ፤ ሩሲያውያን፣ ፖላንዳውያን፣ ፈረንሳውያንና ሌሎችም። በመጀመሪያዎቹ ወራት እዚያው ዋሻ ውስጥ፣ በተደራረበ የእንጨት አልጋ ላይ፣ በድንጋይ አቧራና በፈንጂ ጭስ መካከል ይተኙ ነበር። የነዳጅ በርሜል ለሁለት ተከፍሎ መጸዳጃ ሆኖላቸው ነበር። ለሳምንታት ፀሐይ አያዩም ነበር። በዚህ ካምፕና በቅርንጫፎቹ ካለፉት ወደ 60 ሺህ ከሚጠጉ እስረኞች 20 ሺህ ያህሉ ሞተዋል። ቪ-2 ወድቆባቸው ከሞቱት ሰዎች ይልቅ በመሠራቱ ሂደት የሞቱት ይበልጣሉ። ፎን ብራውን ግን ከጦርነቱ በኋላ ከብዙ ባልደረቦቹ ጋር ወደ አሜሪካ ተወስዶ፣ ሰውን ወደ ጨረቃ ያደረሰውን ሮኬት ሠርቶ፣ በክብር ሞተ። የዶራ ሙታን ስም ለረጅም ዘመን የሚያነሣው አልነበረም። ስለ ክቡ ሳህንና ስለ ደወሉ የተጻፉት መጻሕፍት ብዙዎች ናቸው፤ ያንን ዋሻ የሚያውቅ አንባቢ ግን ጥቂት ነው። ተረቱ የሚያደርሰው ጉዳት ይህ ነው፤ ዓይናችንን ከተራራው ሆድ አንሥቶ ወደ ሰማይ ያዞረዋል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ከማንም በላይ ልናውቅ ይገባናል፤ በእኛም ላይ የተደበቀ የጦር መሣሪያ ወድቆብናልና። የሰናፍጭ ጋዝ፣ ጣሊያኖች ይፕሪት የሚሉት መርዝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በጦርነት የዋለው በጀርመኖች እጅ በ1917 ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ ነው። በ1925 የጄኔቫው ስምምነት የመርዝ ጋዝን ከለከለ፤ ጣሊያንም ስምምነቱን በ1928 አጸደቀች። በዲሴምበር 1935 ግን በተከዜ በኩል በራስ እምሩ ጦር ላይ ጣለችው። ራስ እምሩ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለጣሊያናዊው ታሪክ ጸሐፊ ለአንጄሎ ዴል ቦካ እንደመሰከሩት፣ ከአውሮፕላን የወረደው ነገር እንደ ተለመደው ቦምብ አልነበረም፤ መሬት ሲነካ ተሰብሮ ቀለም አልባ ፈሳሽ ረጨ፣ ፈሳሹ የነካው ሰው እጁና እግሩ፣ ፊቱም ውኃ ቋጠረ። በኋላ መርዙን ከአውሮፕላን እንደ ጉም ይረጩት ጀመር። ከከሚሴ በስተሰሜን ደሴ ዲሴምበር 6 ቀን 1935 በቦምብ ስትደበደብ ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ነበሩ፤ በማይጨው ጦርነት ማግስት ደግሞ በአሸንጌ ሐይቅ ዳርቻ ያፈገፍግ በነበረው ሠራዊት ላይ መርዙ ወረደ። በኤፕሪል 1939 ከዛሬው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በስተምዕራብ ባለው በመንዝ ደጋ፣ በዘረት ዋሻ የተጠለሉ አርበኞች ከሴቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር በዚሁ ጋዝ ተፈጁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጣሊያን ካደች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቫ ቆመው ለዓለም ሲናገሩ አዳራሹ ውስጥ የጣሊያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው። ዴል ቦካ የሙሶሊኒን የቴሌግራም ትእዛዞች ይዞ ሲጽፍ በአገሩ ሰዎች እንደ ከሃዲ ተሰደበ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ መዋሉን ለፓርላማው ያመነው በ1996 ነው፤ ከተጣለ ከስልሳ ዓመት በኋላ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው የአባቶች ቃል በዚህ ተፈጸመ፤ መጥራቱ ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ፈጀ። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ትምህርቱ ይታያል። አንድም የታመነ ሰነድ የሌለው ደወል ወዲያው ታመነ፤ ቁስለኛ፣ ሐኪም፣ ቴሌግራምና ንጉሥ የመሰከሩለት መርዝ ስልሳ ዓመት ተካደ። ተረት የሚታመነው ከአማኙ ምንም ስለማይጠይቅ ነው። ግፍን ያመነ ሰው ግን ፍርድና ካሳ፣ ይቅርታና ጸጸት ይጠየቃል።

በምሥጢር የተላከ የጀርመን መሣሪያም ወደ አገራችን ገብቶ ያውቃል፤ ይህም ቢሆን ከተአምር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በ1935 ጣሊያን ለወረራ ስትዘጋጅ ንጉሠ ነገሥቱ አማካሪያቸውን ዳዊት ሆልን ወደ በርሊን ላኩ። ዳዊት ሆል ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ይሠሩ ከነበሩት አውሮፓውያን የአንዱ የሞሪስ ሆል ልጅ ነበር። ሂትለር በድብቅ 10 ሺህ ማውዘር ጠመንጃና 10 ሚሊዮን ጥይት፣ ሌላም መሣሪያ ፈቀደ። ምክንያቱ ኢትዮጵያን መውደድ አልነበረም፤ ሙሶሊኒ በአፍሪካ ተራሮች ላይ እየደከመ በቆየ ቁጥር ጀርመን ኦስትሪያን ለመጠቅለል መንገዷ ይሰፋል ብሎ ነው። ጥቅሙ ሲዞር እርሱም ዞረ፤ በኦክቶበር 1936 ጀርመን ኢትዮጵያ የጣሊያን ግዛት ለመሆኗ ዕውቅና ሰጠች። ከዚያ በፊት በዳዊት ሆል አባት ዘመን የሆነው ታሪክም ተመሳሳይ ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ብዙ ድካም ወጥቶበት የተሠራው ሴባስቶፖል፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ፣ ስንት ሺህ ሰው እየጎተተ መቅደላ አደረሰው፤ ዐፄ ቴዎድሮስን ግን አላዳናቸውም። ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ። የኃይል መሣሪያ ብቻውን አገር እንደማያድን፣ በምሥጢር የመጣ ወዳጅም ወዳጅ እንደማይሆን ለማወቅ ከወሎ መሬት መውጣት አያስፈልገንም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልሂድ። የመጀመሪያው ከሃይማኖት በኩል የሚመጣ ነው፤ እናንተ የማይታየውን አምላክ፣ የማይታዩትን መላእክት የምታምኑ ሰዎች ያልታየ የጦር ጥበብ መኖሩን ለምን ትክዳላችሁ ይላል። ተቃውሞው ጠንካራ ይመስላል፤ ሆኖም ሁለቱን የሃይማኖት ትምህርት ቤቶቻችንን አለማወቅ ነው። ከከሚሴ ብዙም በማይርቀው ሾንኬ፣ በኮረብታ ጫፍ ላይ በድንጋይ ተደራርበው በተሠሩት የአርጎባ ቤቶች መካከል፣ እንደ ሼኽ ጀውሃር ቢን ሐይደር ያሉ ዓሊሞች ኖረዋል። በእንዲህ ያለው የወሎ የትምህርት ባህል ደረሳው የሚማረው የሐዲስ ዕውቀት መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን ከማን ሰማ የሚል ነው። በሰንሰለቱ ውስጥ ማንነቱ ያልታወቀ ወይም በውሸት የታማ ሰው ካለ ነገሩ ምንም ያህል ጆሮ ቢያስደስት ደዒፍ (ደካማ) ተብሎ ይለያል። ቁርኣንም በሱረቱል ሑጁራት የማይታመን ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ ሳታጣሩ በሰዎች ላይ ጉዳት እንዳታደርሱ ብሎ ያስጠነቅቃል። በቤተ ክርስቲያንም የትርጓሜ መምህራን አንዱን ንባብ በአንድ መልኩ፣ ከዚያም በሌላው መልኩ እየፈቱ፣ እያንዳንዱ ከማን እንደመጣ እያቆዩ ያስተምራሉ፤ ነገር ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይጸናል የሚለውም ሕግ ከኦሪት ጀምሮ አለ። እንግዲህ በሃይማኖት ያልታየውን ማመን የታመነ መልእክተኛን ማመን ነው። ስለ ጀርመን የጦር ምሥጢር የሚወራው ግን መልእክተኛ የለውም፤ ሊመረመር የሚችል ምድራዊ ነገርም ነውና ሳይመረመር መታመኑ ሃይማኖት አይባልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከክብር የሚነሣ ነው። ዘመን ሙሉ ኋላ ቀር የተባለ ሕዝብ በአንድ ወሬ ቢጽናና ምን ይጎዳዋል ይላል። ይህን ስሜት አልንቀውም፤ ከእውነተኛ ቁስል የወጣ ነው፤ መጻሕፍቶቻችን በእውነት ተዘርፈዋል፣ ተመልሰውም አላለቁም። ነገር ግን ክብር ከሌላው ሰው ግፍ አይሸመትም። የዶራ እስረኞች በሞቱበት ሥራ ላይ አሳባችን ነበር ብሎ ድርሻ መጠየቅ ክብር አይደለም። ደግሞም ወሬው የሚወስድብን ከሚሰጠን ይበልጣል። አባ ጎርጎርዮስ በጎታ ተቀምጠው አንድን የአውሮፓ ሊቅ ፊደል በፊደል ያስተማሩ መምህር ናቸው፤ በወሬው ውስጥ ግን እርሳቸው የሉም፣ ያለው ስሙ የማይታወቅ ጥቅልና የሰረቀው ጀርመናዊ ብቻ ነው። መምህሩን አጥፍቶ ሌባውን ጀግና የሚያደርግ ታሪክ የእኛ ክብር ሊሆን አይችልም። በዝርፊያው ላይ ያለን ጥያቄም በተረት አይጠነክርም፤ የሚጠነክረው መቼ፣ በማን፣ ስንት መጻሕፍት ተወሰዱ፣ ዛሬስ የት ናቸው በሚለው ትክክለኛ መልስ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይህ ሁሉ የቡና ወሬ ነው፣ ማንን ይጎዳል የሚለው ነው። በባቲ የሰኞ ገበያ ግመል የሚገዛ ሰው ሻጩ ምንም ያህል ቢምልለት ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ሳያይ ገንዘቡን አይቆጥርም። ለከብት የምናደርገውን ጥንቃቄ ለነፍሳችን ካላደረግን የምንከስረው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሳያጣሩ የማመን ልማድ ርእሰ ጉዳይ አይመርጥም። ዛሬ ስለ ሩቅ አገር ሮኬት ያለ ምስክር ያመነ አእምሮ ነገ ስለ ጎረቤቱ የተነገረውን ክፉ ወሬ ለመመርመር አቅም ያንሰዋል። የከሚሴ፣ የአጣዬና የአካባቢው ሕዝብ፣ ኦሮሞውም አማራውም አርጎባውም፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነትና ግጭት አይቷል፤ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ሲፈናቀልና ሲሞት ኖሯል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማን መጣ፣ ማን መሣሪያ ደበቀ፣ ማን ከማን ጋር ተስማማ የሚል ወሬ በአንድ ሌሊት ከቀበሌ ቀበሌ ይሮጣል። ያን ጊዜ ሰውን የሚያድነው ከማን ሰማህ የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ በሰላም ጊዜ ያልተለማመደ ሰው በጭንቅ ጊዜ አፉ ላይ አይመጣለትም።

ስለዚህ ፍርዴ ግልጽ ነው። ጀርመኖች ሮኬታቸውን ከብራናችን አልቀዱም፤ ቢቀዱ ኖሮም የምንኮራበት ሳይሆን የምናዝንበት በሆነ ነበር። መጻሕፍቶቻችን ያስተማሩን የጦር ጥበብ ሰውን ሲያጠፋ የወደቀ መልአክ ሥራ መሆኑን፣ ዕውቀትም ለተቀበለው ሰው ፈተና መሆኑን ነው። በዚህ ትምህርት የጸና ሰው በኮንሽታይን ዋሻ የሞቱትን፣ በዘረት ዋሻ የተፈጁትን፣ በአሸንጌ ዳር ቆዳቸው የተላጠውን ወገኖቹን ያስባል። በከሚሴና በመላው ወሎ የምታስተምሩ ዓሊሞችና መምህራን፣ የታሪክ አስተማሪዎችም፣ ልጆቻችሁ ስለ ድብቅ ጥበብ ሲጠይቋችሁ አትቈጧቸው፣ ዝም ብላችሁም አትለፏቸው። ማን ከማን ሰማ የሚለውን አስተምሯቸው፤ ከዚያም ማን ዋጋውን ከፈለ የሚለውን ጨምሩበት።